ሽንኩርት ያማረውን ሰው ወደ ግብፅ አንመልሰው



ዛሬ የምንጽፈው የሚያጨሱትን ለመገሠጽ አይደለም። ስለ እነርሱ ከየመድረኩ ብዙ ብለናል። የምንጽፈው ማጨስ ስላቆሙት ሰዎች ነው፤ ይልቁንም ካቆሙ በኋላ እኛ ስለምናደርስባቸው ነገር ነው።

አንድ ወንድም ነበረ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል አጭሷል። ጌታን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ፓኮውን ከነክብሪቱ ጣለ። እሑድ ወጥቶ መሰከረ፤ ጉባኤውም በእልልታ ጌታን አከበረ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቢሯችን መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ፓስተር፣ አሁንም ያምረኛል። በተለይ ቡና ስጠጣ። የመሰከርኩት ውሸት ሆነ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን።

እኛስ ምን አልነው? «አምሮቱ ካለ ሙሉ በሙሉ አልተፈታህም። ሦስት ቀን ጹም፤ ከዚያ እንጸልይልሃለን» አልነው። ጾመ። ጸለይንለት። አምሮቱ ግን አልሄደም። ከዚያ በኋላ ሊጠይቀን አልመጣም። በዚያው ወራት ሰውነቱ እየሞላ ሄደ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም የሚሉት ሁሉ፥ «ሲጋራውን ትተህ እንጀራውን ያዝከው እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር። እርሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ዳግመኛ ማጨስ እንደ ጀመረ ሰማን። ቤቱ ሄደን ስናነጋግረው፥ «ፓስተር፣ አምሮቱንስ ችዬው ነበር። ያሸነፈኝ ኀፍረቱ ነው» አለን።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ስለዚህ በግልጽ እንናገራለን፦ «አምሮት ካለ መፈታት የለም» የሚለው ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የቆመ አይደለም። በአፋችን የእግዚአብሔርን ኃይል የሚያከብር ይመስላል፤ በሥራው ግን ደካማውን ወደ ወጣበት ይመልሰዋል። እኛም አስተምረነዋል፤ ንስሐ የምንገባው ከዚህ ነው።

ሰውነት ምን እየሆነ ነው?

ሐኪሞች የሚነግሩንን በቅን ልብ እንስማ። ኒኮቲን ከጢሱ ጋር ወደ ሳንባ በገባ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚንንም ያስለቅቃል። በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ቢስብ፣ በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት ደግሞ 73,000 ጊዜ ለአንጎሉ ያንኑ ትምህርት ያስተምረዋል። ይህን ሃያ ዓመት የተማረ ሰውነት በአንድ እሑድ ሁሉንም ይርሳ ብለን መፍረዳችን ነው።

ሲጋራ ሲቋረጥ ሰውነት ይጮኻል። ሰውየው ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ይርበዋል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ከዚያም በኋላ ቢሆን አምሮቱ በየምክንያቱ ብቅ ይላል፤ በቡና ጠረን፣ በንዴት፣ በረጅም መንገድ ላይ። አንዱ የአምሮት ማዕበል ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። እንግዲህ ያ ወንድም በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ገና በመንገዱ መካከል ነበር። እየዳነ ያለውን ቁስል አይተን «ጋኔን አለበት» ያልን እኛ ነን።

ክብደቱስ? ኒኮቲን ረሃብን ያፍናል፤ ሰውነት ጉልበት የሚያቃጥልበትንም ፍጥነት በመጠኑ ይጨምራል። እርሱ ሲቀር ረሃቡ ይመለሳል፤ ቃጠሎው ይቀዘቅዛል። ምላስና አፍንጫ ይነቃሉ፤ ለዓመታት ያልጣመው ሽሮ መጣም ይጀምራል። እጅና አፍም ሥራ ስለሚፈቱ የሚይዙትን ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት በቢ.ኤም.ጄ የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ያለ መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ ይጨምራሉ፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመጣ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ ያህል ግን ጭራሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ያ ወንድም ሆዳም ስለሆነ አልወፈረም።

አምሮትና ወደ ኋላ መመለስ

«የእስራኤል ልጆች የግብፅን ምግብ ስለ ተመኙ አልተቀሠፉምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዘኁልቁ 11ን በጥንቃቄ እናንብበው። ሕዝቡ ባሕሩን ከተሻገረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመናው አብሮት ነበር፤ መናውም በየማለዳው ይወርድ ነበር። ሆኖም ዓሣውና ሽንኩርቱ ከምላሱ አልጠፋም። ይህ ሕዝብ ከግብፅ አልወጣም ነበርን? ወጥቷል! ፈርዖንም በባሕር ውስጥ ቀርቷል። የሽንኩርቱ ትዝታ መውጣቱን አልሻረውም።

ቍጣውን ያመጣው ምን እንደሆነ ምዕራፉ ራሱ በቁጥር 20 ላይ ይነግረናል፤ በመካከላቸው ያለውን እግዚአብሔርን መናቃቸውና ከግብፅ ለምን ወጣን ማለታቸው ነው። አምሮቱን በእግዚአብሔር ላይ ክስ አደረጉት። ያ ሹፌር ግን ሲያምረው ምን አደረገ? ወደ ሱቅ ሄዶ በፍሬ አልገዛም፤ ወደ እረኛው መጣ። ይህ የእምነት ጉዞ ነው። ከበር የመለስነው እኛ ነን።

«ይህ አነጋገር የእግዚአብሔርን ኃይል ያሳንሳል» የሚሉም አሉ። በአንዲት ሰዓት ጸሎት አምሮቱ ተቆርጦላቸው ዳግመኛ ያላሰቡት ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን፤ በእነርሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ለአንዱ የተሰጠውን ስጦታ በሌላው ላይ ሕግ የማድረግ ሥልጣን ማን ሰጠን? እግዚአብሔር የከነዓንን ሰዎች በአንድ ዓመት ሳይሆን ጥቂት በጥቂት እንደሚያወጣ በዘጸአት 23፥29-30 ተናግሯል፤ ምክንያቱንም ነግሮናል። ጌታችን ኢየሱስ የቤተ ሳይዳውን ዕውር ሁለት ጊዜ ዳሰሰው (ማር. 8፥22-25)። ሰውየው ከመጀመሪያው ዳሰሳ በኋላ ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው እንደሚታዩት በእውነት ተናገረ፤ ጌታም አልገሠጸውም። በእኛ ጉባኤ ቢሆን ኖሮ ማይኩን ይዞ «አጥርቼ አያለሁ!» እንዲል እናስገድደው ነበር።

ከሁለት ሚዛን እንውጣ

ሌላም የሚያሳፍረን ነገር አለ። ሲጋራ ያጨሰውን ከአገልግሎት እናግዳለን፤ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ብለን 1 ቆሮንቶስ 6ን እንጠቅሳለን። ትክክል ነው። ግን ያ ምዕራፍ በሳንባ ላይ ብቻ ተጽፏልን? በየኅብረቱ ለስላሳውን፣ ኬኩንና ክትፎውን ስንደረድር፣ ደጋግሞ ያነሣውን «ጌታ ባርኮታል» ስንል፣ ምሳሌ 23፥20-21 የት ሄደ? ሲጋራ ያቆመውን ሰው በዚሁ ማዕድ ላይ አስቀምጠን፣ በግድ አጉርሰን፣ ከዚያ ወፈረ ብለን እንስቅበታለን።

ስለ መልኩ ሲጨነቅ «ከምወፍር ባጨስ ይሻላል» የሚለውም ይህን ይስማ። ትንባሆ ከማያቆሙት ተጠቃሚዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑትን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ካቆሙ አንድ ዓመት ሲሞላ ግን ማጨስ በልብ ሕመም ላይ ያመጣው ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የመጣውን ኪሎ በጊዜ ማስተካከል ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አናስቀምጥ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ሕግ ግን ሌሊት እንቅልፍ ካጣው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ አያድርም፤ ያ የእኛ ድርሻ ነው።

መጀመሪያ፣ ምስክርነታችንን እናስተካክል። «ተፈታሁ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ዛሬም አምሮኛል፤ በጌታ ጸጋ ግን አላጨስኩም» የሚለውንም በእልልታ እንቀበል። ይህ ሁለተኛው ምናልባት የበለጠ እልልታ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ በሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሣለት አንድ ሰው ይኑረው። ማዕበሉ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ከሆነ፣ አንድ ስልክና አንድ አጭር ጸሎት ያሻግረዋል። ከቤት ወጥቶ ፈጠን ብሎ መራመድም አምሮቱን ያበርዳል፣ ክብደቱንም ይረዳል። ወጣቶቻችን አብረውት ይራመዱ።

ሦስተኛ፣ ቡናውን እንይለት። የሲጋራ ጢስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቆም ያው የለመደው ቡና በደም ውስጥ በርትቶ ይቆያል፤ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሰውየውም «ሱሱ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን ቢተው አንቀየመው። ስኳሩንም ይቀንስ። አፉ ሥራ ሲፈልግ ካሮት፣ ብርቱካን፣ ውሃ፣ በልክ የተሰፈረ ቆሎ ይቅረብለት።

አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ጾምን እንደ መፈተኛ አንጫንበት። ጾምን አንንቅም፤ እኛም እንጾማለን። ነገር ግን ረሃብና የኒኮቲን አምሮት ሲደራረቡ የደከመ ሰው ይወድቃል። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም። እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ (1 ነገ. 19፥4-8)። ኪሎ ለመቀነስ የሚደረገው ጥብቅ የምግብ ቍጥጥርም ሲጋራው እስኪደላደል ድረስ ቢቆይ ይሻላል።

አምስተኛ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድን የእምነት ማነስ አናድርገው። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በተለይ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ ሌላም መድኃኒት የሚወስድ፣ ሲጋራ ማቆሙን ለሐኪሙ ይንገር።

ስድስተኛ፣ አፋችንን እንጠብቅ። «ወፈርክ» የሚለውን ሰላምታ እንተው። ይልቁንም በእኅቶቻችን ላይ። እኅት ያጨሰችው ተደብቃ ነው፤ ያቆመችውም ተደብቃ ነው። ማንም ሳያውቅላት የታገለችውን ሰው በልብሷ መጥበብ አንፍረድባት። አንድ ቀን ተሸንፎ አንድ ሲጋራ ያጨሰም ቢኖር፣ ድነቱን ከመጠራጠር እንጀምር አንበል፤ ከወደቀበት ይነሣ፣ ቍጥሩን እንደገና አብረን እንጀምር።

አንተ ደግሞ በዚህ ሰዓት እያማረህ ይህን የምታነብ ወንድም፣ አንቺም እኅት፦ አምሮቱ ስለ መጣ ጌታ አልሄደም። ገላትያ 5 ራስን መግዛትን የመንፈስ ፍሬ ብሎ ይጠራዋል፤ ፍሬ ደግሞ የሚበስለው በወቅቱ ነው። ይህን አምስት ደቂቃ አሳልፈው። ውሃ ጠጣ፤ ተነሥተህ ውጣ፤ ለአንድ ሰው ደውል። ጌታን የማታውቀውም ብትሆን ና፤ መጀመሪያ ከሲጋራ ንጻና ከዚያ ና አልተባለም።

ያ ሹፌር ተመልሷል። ይቅርታ ጠየቅነው፤ ይቅርም አለን። በሁለተኛው ጊዜ ሲያቆም አብረነው በየማታው ተራመድን። አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሱሪውን ሁለት ጊዜ አስፍቷል፤ ዛሬም ቡና ሲቆላ እንደሚያምረው አይደብቀንም። አላጨሰም።

ጌታ የደከመውን የምትሸከም፣ በጭሱ መካከል ያለውን የማታጠፋ ቤተ ክርስቲያን ያድርገን። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።