በቀን ባቡር ላይ አልጋ መያዝ ቅንጦት ነው?



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከሐዋሳ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። እንደሚታወቀው ከተማችን ሐዲድ የላትም። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ቢካተትም ሐዲዱ እስከ ዛሬ አልተዘረጋልንም። ስለዚህ የእኛ ከተማ ሰው በባቡር መሄድ ቢያሻው በቅድሚያ በአውቶቡስ በሻሸመኔና በሞጆ በኩል አዳማ መድረስ ግድ ይለዋል። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ወላጆች ያሏት፣ ሐረር የተዳረች እኅት ያለቻት፣ ወይም ቁልቢ ስለት ያለባት የሐዋሳ እናት ጥቂት አይደለችም። እነዚህ እኅቶች ከቲኬት መስኮቱ ሲደርሱ የሚቀርብላቸው ጥያቄ «ወንበር ነው አልጋ?» የሚል ነው። ብዙዎቹም ሳያመነቱ «ወንበር» ብለው ይመልሳሉ። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው የምታገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «በቀን ደግሞ ምን አልጋ ያስፈልጋል? ገንዘብ መበተን ነው እንጂ!»

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በዚህ አባባል አትስማማም። የማትስማማበትንም ምክንያት ከመግለጿ በፊት ባቡሩን ላላዩት ጥቂት ማስረዳት ይገባታል።

የአዲስ አበባ – ጅቡቲ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን መንገደኞችን ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ አንሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። በዚህ ባቡር ላይ ሦስት ዓይነት የመንገደኛ ፉርጎ አለ። አንደኛው ወንበር ብቻ ያለበት ነው። ሁለተኛው «ጠንካራ አልጋ» የሚባለው ሲሆን ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ፍራሽ አለው። በየክፍሉ ስድስት አልጋ፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሆኖ ተደራርቧል፤ መተላለፊያው በኩል በር የለውም። ሦስተኛው «ለስላሳ አልጋ» ይባላል። ይህኛው በር ያለው ክፍል ሆኖ አራት አልጋ ብቻ ይዟል፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ከፍ እያለ ይሄዳል።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ጠዋት ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚደርሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሊት የለበትም። ታዲያ አልጋው ለምን?

ለዚህ መልስ የሚሆነን የመንገዳችን ታሪክ ነው። በአገራችን መንገደኛ የሚጓዘው በቀን ነው። የድሮው ምድር ባቡር እንኳ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለብዙ ጊዜ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ አዋሽ ወርዶ ያድር ነበር። መኝታ ቤት ያለው ፉርጎ የነበራቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ተራው ሕዝብ በሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ ላይ ልጁን ታቅፎ፣ ዕቃውን በእግሩ መካከል አድርጎ ይጓዝ ነበር። በባቡር ላይ አልጋ ሲባል የንጉሥ ነገር ሆኖ የሚታየን ከዚሁ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። የአውቶቡሱም ልማድ ያው ነው፤ ማልዶ ተነሥቶ ከመምሸቱ በፊት መግባት። ይህ ልማድ ለአደጋ መከላከያ መልካም ነው። ነገር ግን የቀን መንገድ የሚከፈለው በሌሊት እንቅልፍ መሆኑን ማንም ልብ አይለውም።

ከሐዋሳ የምትነሣውን እናት እስቲ እናስባት። ባቡሩ ሐሙስ ቢሆን እርሷ የምትወጣው ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ማታ ልብስ ታጥፋለች፣ ስንቅ ታዘጋጃለች፣ ለቀሪው ቤተሰብ የሦስት ቀን ወጥ ትሠራለች። ረቡዕ ከነልጆቿ መናኸሪያ ትገፋለች፤ በአውቶቡስ አዳማ ትደርሳለች። አዳማ ዘመድ ቤት ወይም አልጋ ይዛ ታድራለች፤ በሰው ቤት ደግሞ የሕፃን ለቅሶ ማሳፈሩ አይቀርምና እሹሩሩ ስትል ታነጋለች። የባቡር ጣቢያዎቹ ከየከተማው መካከል ወጣ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ጠዋት ባጃጅ ወይም ታክሲ መፈለግ አለ። መነሻዋን አዲስ አበባ ያደረገች እንደሆነ ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መነሣቷ ነው። ይህች ሴት ባቡር ላይ ስትወጣ ጊዜው ቀን ነው እንጂ ለእርሷ ሁለት ሌሊት ያልተኛችበት ቀን ነው።

አንዲት የማውቃት መምህርት የአራት ወር ሕፃንና የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ ድሬዳዋ እናቷ ዘንድ ለመሄድ በተነሣች ጊዜ፣ ባለቤቷ በዚሁ በአልጋው ነገር ተከራክሯት ነበር።

«በቀን ደግሞ ማን ይተኛል?» አላት።

«አንተ አትተኛማ። አንተ ሌሊቱን ተኝተህ ነው የምትነሣው» አለችው።

ክርክሩን የጨረሱት አማቷ ናቸው። አሮጊቷ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ተው እንጂ ልጄ! አራስ ልጅ የያዘች ሴት ጀርባዋን ታሳርፍ። እኔ አንተን ታቅፌ በዚያ ባቡር ስሄድ ወገቤ እንዴት እንደነበረ ማን ጠየቀኝ?» ቢሉት ጊዜ ዝም አለ። አልጋውም ተያዘ። አማት ሁሉ እንዲህ ቢሆን ይህ ዓምድ ሥራ ይፈታ ነበር።

ከድካሙ ሌላ የጤናም ነገር አለበት። ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግርን ያሳብጣል፤ አልፎ ተርፎም በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትና በቅርብ ጊዜ የወለደች ሴት ለዚህ ችግር ከሌላው ሰው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ብዙዎቻችን ወደ እናታችን ቤት የምንጓዘውም በዚሁ ፈቃድ ጊዜ፣ ማለትም ሰውነታችን ለመንገድ በማይመችበት ወራት ነው። እግርን አንሥቶ በጎን መተኛት በዚህ ጊዜ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሆኖም አልጋ ይዣለሁ ብሎ ስምንት ሰዓት ሙሉ መጋደምም ልክ አይደለም። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ማለት፣ ውኃም ደጋግሞ መጠጣት ያስፈልጋል። መጸዳጃ ቤት መመላለስን ፈርታችሁ ውኃ የምትተዉ እኅቶች አላችሁ፤ አዋሽ ሸለቆ ሲገባ ሙቀቱ ቀልድ አይደለምና ይህን ተዉ። እርጉዝ የሆናችሁ ከመነሣታችሁ በፊት የክትትል ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በሌላም አገር ይህ ጉዳይ ታስቦበታል። በሕንድ ምድር ባቡር በተኝቶ መሄጃ ፉርጎ ውስጥ አልጋ የመኝታ መብት የሚሆነው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በቀን የታችኛው አልጋ የሁሉም መቀመጫ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ዕድሜያቸው 45 ዓመት ለሞላ ሴቶች የታችኛው አልጋ ቅድሚያ ይጠበቅላቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ባቡራቸው ላይ ከእናቲቱ አልጋ ጎን የሚታጠፍ የሕፃን አልጋ ለሙከራ ገጥመው ነበር። በእኛም ባቡር ላይ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠባ እናት የታችኛው አልጋ ቅድሚያ ቢጠበቅ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለንም፤ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

የሕንዶቹ ደንብ አንድ ሌላ ነገርም ያስታውሰናል። በቀን ጉዞ ላይ የታችኛው አልጋ የያዘ ሰው ጎረቤት አያጣም። ከላይ ያሉት መንገደኞች ምሳቸውን ለመብላት፣ መስኮት ለማየት ይወርዳሉ፤ የእናንተም አልጋ አግዳሚ ይሆናል። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል መካከለኛው አልጋ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ ስለማይቻል ሰዎቹም አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ገና ባቡሩ ሳይነሣ በፈገግታ መነጋገር ይሻላል፤ «ሕፃኑ እስከ አዋሽ ይተኛልኝ፣ ከዚያ በኋላ አብረን እንቀመጣለን» ብትሉ እምቢ የሚል ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ይልቁንም ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያጫውት አይጠፋም።

«ለብቻችን የምንሆንበት ክፍል አይገኝም ወይ?» የምትሉም አትጠፉም። ይገኛል፤ ግን አንድ አልጋ መግዛት ክፍሉን መግዛት አለመሆኑ ይታወቅ። በር ባለው ክፍል ውስጥ አራት አልጋ ስላለ የቀሩትን ሦስቱን ማን እንደሚይዛቸው አታውቁም። ብቻችሁን የምትሆኑት አራቱንም የያዛችሁ እንደሆነ ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ውድ ቢሆንም፣ ሁለት እኅትማማች ወይም ሁለት ጎረቤታሞች ልጆቻቸውን ይዘው አንድ ላይ ቢሄዱ ወጪው ይከፈላል። በሩ ተዘግቶ ጡት ማጥባት፣ ጨርቅ መለወጥ፣ ነጠላን ጥሎ ጋደም ማለት የሚሰጠውን ዕረፍት ያየችው ታውቀዋለች።

ለብቻዋ ለምትጓዝ ወጣት ሠራተኛ ግን የዚህ ዓምድ ምክር ሌላ ነው። ዋጋው ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ አይደለም። የማታውቂያቸው ወንዶች ካሉበት ዝግ ክፍል ይልቅ በር የሌለውና ሰው የሚተላለፍበት ባለ ስድስት አልጋ ይሻላል፤ እናቶችና አሮጊቶች ካሉበት ብትጠጊ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ዝግ ክፍል ደርሶሽ ካልተመቸሽ በሩን ክፍት አድርጊው፤ አለዚያም አስተናጋጁን ጠርተሽ ቦታ እንዲለውጥልሽ ጠይቂ። ማፈር የለብሽም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የወር ደመወዝ ከወር እስከ ወር በማያደርስበት ቤት ሁላችሁም አልጋ ያዙ ማለት ቀልድ ይሆናል። ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ አልጋ አያስፈልገውም። አንድ የታችኛ አልጋ ለእናትና ለሕፃን፣ ወንበር ደግሞ ለአባትና ለትልቁ ልጅ ቢያዝ ልዩነቱ የሚከፈለው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። አባትየውም እየተመላለሰ ሕፃኑን ሲቀበል እናትየዋ ታሸልባለች። በቅርቡ የማይወልዱ፣ ጤነኞችና ልጅ ያልያዙ ሁሉ ወንበር ይበቃቸዋል፤ እዚያ ላይ አልጋ መያዝ እውነትም ገንዘብ መበተን ነው። የሚያሳዝነው ግን በየቤታችን ለእንግዳ፣ ለድግስ፣ ለአባወራው ጫማ የሚወጣው ሳይቆጠር፣ እናትየዋ ጀርባዋን ለምታሳርፍበት የሚወጣው ብር ብቻ በጣት እየተቆጠረ መታየቱ ነው። ራሳችንም ከባሎቻችን ቀድመን እንቆጥረዋለን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የጉዞ ሰዓቱ በወረቀት ላይ እንዳለው ላይሆን ይችላል። ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ እየገባ ባቡሩ የሚዘገይበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነው። ሰባት ሰዓት የተባለ ጉዞ ሲራዘም ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው ናት የምትጎዳው። ስንቅና ውኃ ከሚያስፈልገው አንድ እጥፍ ጨምሮ መያዝም ለዚህ ነው።

አውቶቡስ ላይ አልጋ የለም። ሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሕፃን ቀን የሚያልቀውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ሐሳቡ አንድ ነው። አቅም ካለ ጉልበት ላይ ለሚቀመጠው ልጅ የራሱን ወንበር መግዛት፣ ከኋላ ጎማ ይልቅ ወደ መካከል መቀመጥ፣ ወገብ ሥር ጋቢ ማጠፍ ይጠቅማል።

ቲኬት ስትቆርጡ የባቡሩ ቀንና ሰዓት ሲለዋወጥ የኖረ በመሆኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያ ያዙ፤ ጅቡቲ ለምትሻገሩ ፓስፖርት ያስፈልጋል። በመስኮቱ ላይ «አልጋ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «የታችኛው» በሉ። ሕፃን የላይኛው አልጋ ላይ አይተኛም፤ ከታችም ቢሆን ፍራሹ ጠባብ ስለሆነ በግድግዳው በኩል አስተኙት። የመመለሻውንም የታችኛ አልጋ ከቻላችሁ በዚያው ቀን ያዙ። ከእናት ቤት ስትመለሱ ዕቃው በእጥፍ ይጨምራልና።