«ፑት» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስና ተከታዮቹ

በወላይታ ሶዶ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ስሞታ አለ። ይኸውም ልጃቸው የመዝገበ ቃላቱን ገጽ ሸምድዶ ሳለ፥ ምንባብ ሲቀርብለት እጅግ ቀላል በሚመስሉት ቃላት ላይ መደናቀፉ ነው። «ኤክስቲንጉዊሽ» ማለት ማጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ «ፑት አውት» የሚለውን ሲያይ ግን «ወደ ውጭ አኖረ» ብሎ ይተረጕማል። እሳቱ ሳይጠፋ ደጅ ይወጣል ማለት ነው። ወላጅም ልጁን በስንፍና ይወቅሰዋል፤ ወቀሳው ያለ ቦታው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ ችግሩ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ተማሪ ግስ ቢያወርድ፥ ዐቢይ፥ ንዑስና ደቂቅ የተባሉትን አገባቦች ካልተማረ ምሥጢሩ አይገለጥለትም። ቃላቱ ትንንሾች ሆነው ሳሉ የንግግሩን መንገድ የሚያዞሩት እነርሱ ናቸውና። በእንግሊዝኛም ከግሱ በኋላ የሚቆሙት ትንንሽ ቃላት ትርጕሙን ራሱን ይለውጡታል። «ፑት» ብቻውን አኖረ ማለት ነው። «ፑት ኦን» ሲሆን ለበሰ፥ «ፑት አዌይ» ሲሆን ዕቃን ወደ ስፍራው መለሰ፥ «ፑት አፕ ዊዝ» ሲሆን ታገሠ ይሆናል።

«ፑት ኦፍ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዛሬው አነጋገር ከሁሉ ይልቅ ሥራን ወይም ቀጠሮን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። በ1611 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን፥ ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ በታዘዘበት በዘጸአት ምዕራፍ 3 ይኸው ቃል ይገኛል፤ ዛሬ ለዚህ «ቴይክ ኦፍ» ይባላል። በኤፌሶን ምዕራፍ 4ም አሮጌውን ሰው ማስወገድ «ፑት ኦፍ»፥ አዲሱን መልበስ «ፑት ኦን» ተብሏል። የዛሬውን ትርጕም ብቻ የያዘ ተማሪ፥ አሮጌውን ሰው ለነገ አቈዩት የተባለ ይመስለዋል። (ብዙዎቻችን በሥራ የምናደርገው ይህንኑ ቢሆንም፥ ሐዋርያው አላለም።)

እንግሊዞች ለዚሁ ማስተላለፍ «ፖስትፖን» የሚል ሌላ ቃል ከላቲን ወስደዋል። በላቲን «ፖስት» በኋላ፥ «ፖኔሬ» ማኖር ነው። ላቲኑ ትንሹን ቃል ከፊት ሲያስቀድም፥ የእንግሊዞች የገዛ ቃል ከኋላ ያስከትላል።

ልጆቻችን እንዲህ ላለው ነገር እንግዶች አይደሉም። «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ «እጅ ሰጠ» ስንልም እጁ ከእርሱው ጋር ነው። በወላይትኛም «አለ» ከሚለው ግስ ጋር እየተጣመሩ የሚነገሩ ብዙ ቃላት አሉ። እናት ወይም አባት በቤቱ ቋንቋ ይህን ምሳሌ ቢያሳዩት፥ ዝርዝር ከማስሸምደድ ይልቅ ይጠቅመዋል እንላለን። ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሱን ያናግሩት፤ ነጠላውን ሲለብስ፥ ሻማውን ሲያጠፋ፥ ሳሕኑን ወደ ቦታው ሲመልስ በእንግሊዝኛ ይናገር።

አንድ ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው ይያዝ። ሻማው በስሙ ሲጠራ ከ«አውት» በፊትም በኋላም ሊቆም ይችላል፤ «ኢት» በሚለው ተውላጠ ስም ሲተካ ግን መካከል ይገባል፤ «ፑት ኢት አውት» እንጂ «ፑት አውት ኢት» አይባልም። «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ አይከፈልም፤ «ኢት» ሁልጊዜ ከመጨረሻው ይቆማል። በሚመጣው ወር «ጌት» የሚለውን ግስ እናነሣለን።