ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ምን ይቀራል?

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል፣ ከውጭ በመጡ የካቶሊክ ሕክምና ሚሲዮን ደናግል በ1969 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከጉራጌ ዞን ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው። የካቶሊኩ ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንግዲህ የሆስፒታሉ ተገልጋይ በአብዛኛው የሌላ እምነት ተከታይ ነው ማለት ነው።

ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን «የቤተ ክርስቲያን» እና «ክፍት» ክልሎች ብሎ ከፍሎ፣ ሚሲዮናውያን እምነታቸውን መስበክ የሚችሉትን በሁለተኛው ብቻ እንዲሆን አደረገ። በአማርኛ እንዲያስተምሩም አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የሚሲዮን ሥራ በአመዛኙ ከትምህርት ቤትና ከክሊኒክ ጋር ተቆራኝቶ ኖረ።

ለመሆኑ የሚሲዮን ስኬት የሚለካው በምንድን ነው? መስፈርቱ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማቆም ከሆነ፣ ከወላይታ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በጣሊያን ወረራ ምክንያት የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ፣ የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ደርሰው አገኟቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ያደገው ፈረንጆቹ በሌሉበት፣ በአገሬው ወንጌላውያን እጅ ነው። በጉራጌም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተለይታ የእምድብር ሀገረ ስብከት ሆናለች። አቡነ ሙሴ ገብረጊዮርጊስም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ። ሥርዓተ አምልኮዋም የግእዙ ነው።

ሆስፒታል ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን በዝማሬና በአሥራት ብቻ አይቆምም። መድኃኒት፣ ቀዶ ሐኪምና ጄኔሬተር ይፈልጋል።

የአጣጥ ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የእናቶች ማቆያውን መመልከት ይበቃል። ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው ሳይደርስ መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ ይቆያሉ። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶችን የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ በማቆያው ካለፉት እናቶች የሞቱት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። በእርግጥ በቀጥታ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ነገሩ ከከፋ በኋላ በመሆኑ፣ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ሐሳቡ በአጣጥ ብቻ አልቀረም። መንግሥትም በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንዲኖር አድርጓል።

ስጋቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በአውሮፓ ለምንኩስና ሕይወት የሚሰጡ ወጣቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ የምእመናኑ መዋጮም እየቀነሰ መጥቷል። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የዩኤስኤይድን ሥራ ስትዘጋ፣ በውጭ እርዳታ ላይ የተገነባ አገልግሎት በአንድ ውሳኔ ሊናጋ እንደሚችል አገሪቱ በሙሉ አይታለች።

መፍትሔው ከጉራጌ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን መንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ከመርካቶ ነጋዴ እስከ ገጠር ገበሬ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያስወጣው ይኸው ሕዝብ ነው። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ቡታጅራም ግራርቤት የተባለው አገር በቀል ማኅበር፣ ከውጭ አጋሮች ጋር እየሠራ፣ የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ማለትም ባለቤቱ የአገር ሰው፣ የውጭው ሰው ደግሞ ደጋፊ ሆኖ መሥራት ይቻላል።

መንገዱን ያዋጣ ሕዝብ ለሆስፒታሉም አያንስም። ነገር ግን መዋጮው መጀመር ያለበት የመጨረሻዋ መነኩሲት ሻንጣዋን ከመሸከፏ በፊት ነው። ያቺ ቀን ከደረሰች በኋላ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ ምጧ ተጠናቆባት ከሩቅ መንደር በቃሬዛ ለምትመጣው እናት አይደርስላትም።