ማን ይከተለኛል?

በላስ ቬጋስ ካዚኖዎች፣ በ1 እና በ2 ዶላር ብላይንድ (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ በሚያስገቡት ገንዘብ) በሚካሄደው የቴክሳስ ሆልደም ፖከር ጠረጴዛ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። 200 ዶላር ይዞ የተቀመጠ ተጫዋች ሁለት አስ ይደርሰዋል፤ በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ብቻ የሚመጣ ካርታ ነው። ወዲያው «ኦል ኢን!» ብሎ ቺፑን በሙሉ ይገፋል። ሁሉም ካርታቸውን ይጥላሉ። እሱም የብላይንዱን 3 ዶላር ሰብስቦ እፎይ ይላል።

ምን አሸነፈ? ያን ያህል የጠበቀውን ካርታ በ3 ዶላር መሸጥ ድል ነው?

«ባለፈው ጊዜ ቀስ ብዬ ተጫውቼ ተበላሁ» ይላል። ተበላ ማለት ተሳሳተ ማለት ነው? ሁለት አስ ሁለት ኪንግ ሲገጥመው ከ100 ጊዜ ወደ 82 ያህሉን ያሸንፋል። ሁለቱም 200 ዶላር ካስገቡ ባለ አሱ በአማካይ ከ120 ዶላር በላይ ያተርፋል፤ የሚበላባቸው ጊዜያት እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ገብተዋል። ታዲያ ሊከፍለው የመጣውን ሰው ለምን ያባርራል?

ብዙ ሰው እንዳይገባ መስጋቱ ተገቢ ነው። ማንኛውንም ካርታ የያዘ አንድ ተጋጣሚ ላይ 85 በመቶ የሚያሸንፈው አስ፣ ስምንት ሰዎች እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። መፍትሔው ግን 200 መግፋት ነው ወይስ ጠረጴዛው የሚሸከመውን 10 ወይም 15 ዶላር መመደብ? 10 መድቦ ሁለት ሰዎች ቢከተሉት፣ ከብላይንዱ ጋር መሃል ላይ 33 ዶላር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ 25፣ በአራተኛው 60 መድቦ አንዱ አብሮት ቢዘልቅ መሃሉ 203 ይደርሳል፤ በእጁ የሚቀረው 105 ነው። ያኔ ኦል ኢን ቢል፣ ጥንድ የያዘ ተጋጣሚ እዚህ ድረስ መጥቶ በቀላሉ ይተወዋል?

ይኸው ሰው በተቃራኒውም ይሳሳታል። ጠረጴዛው ላይ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ በአንድ ዓይነት ምልክት ተዘርግተዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠ ተጫዋች ድንገት ኦል ኢን ይላል። ባለ አሱ «እንዴት አስ እጥላለሁ?» ብሎ ይከተላል። ያ ዝምተኛ ሰው በአንድ ጥንድ ብቻ 200 ዶላሩን ሲያስገባ መቼ አይቶት ያውቃል? አስ ሲታደል ምርጥ ነበረ፤ አሁን ግን አንድ ጥንድ ብቻ አይደለም?

ገና ካርታ ሳይገለጥ ኦል ኢን ማለት ስህተት የማይሆንበት ጊዜም አለ። ተጋጣሚው ውርርዱን ደጋግሞ ከፍ ሲያደርግ፣ የቀረው ገንዘብ 30 ወይም 40 ዶላር ሲሆን፣ ወይም በአስና በጃክ 200 ዶላር የሚከተል ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ መግፋት ያዋጣል። በሦስቱም አንድ ጥያቄ መልስ አግኝቷል፦ ከእኔ ያነሰ ካርታ ይዞ ማን ይከተለኛል?

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚገፋ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገፋው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱስ ከየት መጣ? 200 ዶላሩ የቤት ኪራይ ከሆነ፣ ስህተቱ ካርታ ከመታደሉ በፊት ተሠርቷል። ሊያጣው የማይችለውን ገንዘብ ይዞ ለተቀመጠ ሰው፣ ሁለት አስ ቢደርሰው ምን ይፈይድለታል?