በገዛ ጆሯችን እንፈርዳለን

በተውሶ ጣዕም የኖርንበት ዘመን አብቅቷል። ከእንግዲህ ዜማ በዝና አይመዘንም፤ ፊልም በሽልማት አይመዘንም፤ መጽሐፍ በደራሲው አንቱታ አይመዘንም። አድማጩ በሰማው፣ ተመልካቹ ባየው፣ አንባቢው ባነበበው ይፈርዳል።

ጥበብ ከሠሪው እጅ ስትወጣ ገና አላለቀችም ብለን እናምናለን። አንድ ሰው «ይህ ነካኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ሲል ሥራው ይቀጥላል። ምክንያት የሌለውን ውዳሴ ስለዚህ አንቀበልም፤ ምክንያት የሌለውን ዘለፋም እንዲሁ። የመጽሐፍ ምረቃ መድረክ የሙግት መድረክ ይሆናል፤ ገጽ ጠቅሶ ከሚሞግት አንባቢ በላይ ደራሲን የሚያከብር የለምና።

ምስክርነታችንን ለሌላ አናስረክብም። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» በ1960ዎቹ ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ዜማ ነው። ብዙዎቻችን ክብሩ የገባን ግን ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ካሰማው በኋላ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ! በዚያ ሁሉ ጊዜ በዜማው ላይ አንዲት ድምፅ አልተጨመረችበትም። የዘገየው የእኛ ቃል ነው። ወደፊት ዓለም ዜማችንን ሲያገኝ የእኛን ፍርድ አጠገቡ ተጽፎ ያገኛል፤ ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉና አንቺ ሆዬው ቅኝት ለምን እንደሚይዘን፣ የትኛው ቀረጻ እንደሚልቅ፣ የትኛው እንደሚያሰለች።

የተከበረውን ሥራ ደግመን እናነባለን። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ በፍቅሩ ሲወደስ ኖሯል። እኛ ግን መጽሐፉን ያቆመው ገጸ ባሕርዩ ጉዱ ካሳ ነው እንላለን፤ የፍቅረኞቹ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ እንባ የሚከብደን እሱ የከሰሰውን ሥርዓት ስላሳየን ነው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ደግሞ ከዚህም በላይ እናስቀምጠዋለን። በ1962 ዓ.ም. የወጣውን ይህን ልብ ወለድ ብዙ አንባቢ ከበደኝ ብሎ ሸሽቶታል። እኛ በክብደቱ እንኮራበታለን። አሮጌውና አዲሱ ትውልድ ሲሟገቱ ደራሲው ዳኝነቱን ለአንባቢ ይተዋል፤ አንባቢውን ይህን ያህል ያመነ ሌላ የአማርኛ ልብ ወለድ አናውቅም። የማይስማማ ይምጣ፤ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

ሽልማት ክርክርን አይተካም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በዓመቱም በዋጋዱጉው የፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ተሸልሟል፤ ደስ ይላል። እኛ የምንነጋገረው ግን ስለ ዋና ገጸ ባሕርዩ ስለ አንበርብር ነው፤ እየተቆራረጠ የሚመጣው ትዝታው የደርግ ዘመንን ቁስል እንዴት እንደተሸከመ።

የምንገነባው ዘመን ይህ ነው፦ ተማሪ በክፍሉ ተነሥቶ «ይህን ድርሰት አልወደድኩትም፤ ምክንያቱም…» ሲል መምህሩ ቀጥል የሚልበት፤ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለው ወገን የባሕር ዳሩን ወጣት ግጥም አንብቦ እንደ እኩያ የሚሞግትበት፤ ሐያሲ እንደ ጠላት የማይታይበት። ዛሬ የወጣውን አልበም፣ ዛሬ የታየውን ፊልም፣ ዛሬ የታተመውን መጽሐፍ ዛሬውኑ እንመዝናለን፤ ሠሪው በሕይወት ሳለ፣ ተነሥቶ ሊመልስልን በሚችልበት ሰዓት።