የቋንቋ ዐምድ፦ «ወዲያውኑ» ስንት ሰዓት ነው?

ከኮልፌ ቀራንዮ የጻፈልን አንድ ወጣት የቢሮ ጸሐፊ፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ያገኘውን «ፕሮምፕትሊ» የሚለውን ቃል «ባስቸኳይ» ብሎ ቢተረጕመው አለቃው ሠርዘው «ወዲያውኑ» በሚል እንዳረሙት ይነግረንና፣ «ሁለቱ አንድ አይደሉምን?» ሲል ይጠይቃል። አንድ አይደሉም። መዝገበ ቃላት እነዚህን ቃላት ባንድ ረድፍ ይደረድራቸዋል እንጂ ዘመዳሞች ናቸው፤ መንትዮች አይደሉም።

«ኢሚዲየትሊ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «በመካከል ምንም ሳይገባ» ማለት ነው። ስለዚህም ለጊዜ ብቻ ሳይሆን ለቦታም ያገለግላል፤ እንግሊዛዊው ከቤቱ ጀርባ ተጠግቶ ያለውን ጓሮ ሲያመለክት በዚሁ ቃል ይናገራል። የእኛም «ወዲያው» ከ«ወዲያ» መውጣቱን ልብ ይሏል፤ ከቦታ ተነሥቶ ወደ ጊዜ የተሻገረ ቃል ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ባንድ መንገድ መሄዳቸው ያስደንቃል። «ኢንስታንትሊ» የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ለመብረቅ እንጂ ለመዝገብ ቤት ሥራ አይሆንም። «አት ዋንስ» አሁኑኑ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሌላም ትርጕም ስላለው ተማሪዎች ይጠንቀቁ። መምህሩ «ዶንት ኦል ስፒክ አት ዋንስ» ቢሉ፣ ሁላችሁም ባንድ ጊዜ አትናገሩ ማለታቸው ነው። «ፎርዝዊዝ» ከሕግና ከወታደር ቤት ብዙም የማይወጣ፣ ኰስተር ያለ ቃል ነው።

«ፕሮምፕትሊ» ማለት ሳይዘገዩ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። የተወሰነ ሰዓት ሲከተለው «ልክ» ይሆናል፤ «ፕሮምፕትሊ አት ናይን» የሚል የስብሰባ ጥሪ የደረሰው ሰው ልክ በሦስት ሰዓት ይገኛል (በዘጠኝ ሰዓት የሚመጣም አይጠፋም!)።

«ባስቸኳይ» የሚጣመረው ከ«ኧርጀንትሊ» ጋር ነው። ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ሥራው ፍጥነት ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ክብደት ነው። ለጠያቂያችን ከገዛ ሠፈሩ ምሳሌ እንስጠው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ይማሩ ነበር፤ የጦሩም ስም ከዛሬው ነገራችን የራቀ አይደለም። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር። ነገር ግን ባስቸኳይ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የሚጠይቅ ቴሌግራም ከድርጅታቸው መጣ። ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ወደ ካርቱም የሚሄዱበትን አውሮፕላን ፈጥነው አዘጋጁላቸው። እንግዲህ ጥሪው «ኧርጀንትሊ» ነው፤ የኮሎኔሉ ሥራ «ፕሮምፕትሊ» ነው። ባስቸኳይ የመጣ ጥሪ መሳቢያ ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ አለና ሁለቱን አለመቀላቀል ነው። ማንዴላ አገራቸው ከገቡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ።

የተያዘ ሰው ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የአለቃው እርማት ትልቅ ምስክር አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው ምክንያቱ እንዲነገረው ሲያዝ፣ በእንግሊዝኛው «ፕሮምፕትሊ» ያለውን በአማርኛው «ወዲያውኑ» ይለዋል። ሚዛኑ እኩል አይደለም፤ እንግሊዝኛው ጥቂት መተንፈሻ ይሰጣል፣ አማርኛው አይሰጥም። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ስለሚል፣ ለተያዘው ሰው የሚቈጠርለት ጠንካራው ቃል ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለማቅረብ ግን ሕጉ ቃልን ብቻ አላመነም፤ 48 ሰዓት ብሎ ቈጠረ። ይህ ቍጥር በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ውስጥ ነበረ።

ቃል ብቻውን አለመታመኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የጊዜ ቃላት በሰው ዳተኝነት ይላላሉ። «ሱን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወዲያውኑ ማለት ነበር፤ ዛሬ «በቅርቡ» ሆኗል። «ፕሬዘንትሊ»ም እንዲሁ ላልቶ ለእንግሊዙ «ትንሽ ቆይቶ»፣ ለአሜሪካኑ ደግሞ «በአሁኑ ጊዜ» ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ የሄሮድያዳ ልጅ የዮሐንስን ራስ «ባይ ኤንድ ባይ» እንዲሰጧት ትለምናለች። ይህን በዛሬው ትርጕም ያነበበ ተማሪ፣ ልጅቱ ምንኛ ታጋሽ ነበረች ይል ይሆናል! በዚያ ዘመን ግን ቃሉ አሁኑኑ ማለት ነበር።

ስለዚህ ወንድማችን የሰው መብት ባለበት ጽሑፍ ላይ የአለቃውን እርማት ይያዝ። በተራ የቢሮ ደብዳቤ ላይ «ሳይዘገይ» ቢል ይበቃዋል፤ ከጐኑም ቀኑን ቢጽፍበት ይበልጥ ይጠቀማል። በሚመጣው ሳምንት፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን እየከፈተ «መጣሁ» ብሎ የሚወጣውን ሰው በእንግሊዝኛ እንዴት አድርገን እንደምናናግረው እናያለን።