ሳይቆጠሩ የሚያልቁት

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ፍየሉና በጉ በራስ፣ ጫቱ በኪሎ፣ ጆንያው በጆንያ። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ በግራሩ ሥር የምትዘለውን ሚዳቋ ግን ስንት ቀራችሁ ብሎ በየዓመቱ የሚጠይቃት የለም። ስለዚህም መቼ እንደምታልቅ የሚነግረን አይኖርም።

ይህ ሜዳ ሳይቆጠር ያለቀ እንስሳ አለው። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው፣ ሶማሌዎች ሲግ የሚሉት፣ ስሙን ያገኘው ከደጋው ሳይሆን ከዚሁ ከሶማሌ ምድር ነው። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ የሶማሌን ምድር ሲያስስና ሲያድን ከርሞ በ1895 መጽሐፍ አሳትሟል፤ በዚያ ዘመን በሐውድ ሣራማ ሜዳዎች ላይ ቆርኬ በትልልቅ መንጋ ይሰማራ ነበር። ሳይንስም በ1892 ስሙን ለአዳኙ ሰጠው። በዚያው ዘመን የደስታ በሽታ፣ ያ በክፉ ቀን የአገሩን ከብት የፈጀው፣ የዱሩንም ቀንዳም አልማረም። ከበሽታው የተረፈውን ጠመንጃ ተቀበለው፤ ሜዳውም ቀስ በቀስ ለእርሻና ለሰፈራ ተያዘ። ዛሬ በሶማሌ ምድር አንድም የስዌይን ቆርኬ የለም። ማየት የፈለገ ጅግጅጋን ትቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ፣ ወይም ወደ ጋሞና ጎፋ ወርዶ ወደ ማዜ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ አለበት።

የሰንቀሌን ጉዳይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960ዎቹ መጠለያው ሲከለል ወደ 3,000 የሚጠጉ ቆርኬዎች እንደነበሩበት ተመዝግቧል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላልቶ ቁጥራቸው ወደ ጥቂት መቶዎች አሽቆለቆለ። ከዚያ ወዲህ መልሰው አንሰራርተዋል። መውደቃቸውም መነሣታቸውም የታወቀው የሚቆጥር ሰው ስለነበረ ነው። የጅግጅጋው መንጋ ሲያልቅ ግን አለቀ ብሎ የመዘገበበት ቀን እንኳ የለም።

አሁን በሰሜን ሶማሌ የቀሩት እነማን ናቸው? አንገተ ረጅሙ ገረኑግ አለ፤ በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ የግራርን ቅጠል የሚቀጥፍ፣ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ መሰንበት የሚችል ፍጡር። እንሹ አለች፣ ሶማሌዎች ሰካሮ የሚሏት፣ ከ5 ኪሎ ብዙም የማትበልጥ፣ ከባሏ ጋር በአንዲት ጠባብ ክልል የምትኖር። በሜዳው ላይ የነበረው ዓውል የተባለው ሚዳቋ ደግሞ እጅግ ሳስቷል። ገረኑግን የሚያጠፋው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ግራሩ ከሰል ሆኖ በጆንያ ሲወጣ ምግቡ አብሮ ይጫናል። በሐርቲሼክ ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በገፍ ሰፍረው መጠለያው በ2004 እስኪዘጋ ድረስ፣ ስንት ዛፍ ማገዶ ሆኖ እንዳለቀ ቦታውን ያየ ሁሉ ያውቃል። በስደተኞቹ አልፈርድም፤ ልጅ የሚያበላ ሰው ምን ያድርግ?

ሚዳቋዋ ስትጠፋ ጣጣው በእሷ ብቻ አያበቃም። አቦሸማኔ የሚያድነው ዓውልንና እንሹን ነው። እነሱ ሲሳሱ ፊቱን ወደ ፍየል ያዞራል፤ ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደርም ዱካውን ተከትሎ ግልገሎቹን ከተሸሸጉበት ይወስዳል። ግልገሎቹ ድንበር ተሻግረው፣ በሶማሌላንድ በኩል በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ለሀብታም ግቢ ማጌጫ ይጫናሉ። በየጊዜው ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ እየተያዙ ዛሬ በሐርጌሳ በኩል መጠለያ ውስጥ የሚያድጉት አቦሸማኔዎች ብዙ ናቸው። በመንገድ ስለሞቱት ማን ያውራ።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ፤ የሚያሳስበኝ በተለይ እሱ ነው። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 በዚያድ ባሬ ጦር እጅ ወድቃ በየካቲት የተመለሰች ከተማ ናት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ፈንጂውም መሣሪያውም በአገሩ ቀረ። ዛሬ ለአደን የሚወጣው መሣሪያ በአብዛኛው ለአደን ያልተሠራው ክላሽ ነው። ጥይቱ ዒላማውን ቢስት ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ሰው ሊገድል ይችላል። የጅግጅጋ ሜዳ ደግሞ ጥይት የሚያቆም ጋራ የለውም። እንሹ ቁመቷ ከጉልበት አያልፍም፤ እሷን ያነጣጠረ አፈሙዝ የሚተኩሰው በቁጥቋጦው መካከል ነው። ከቁጥቋጦው ወዲያ እንጨት የምትለቅም ልጅ ትኖራለች፣ የግመል እረኛ ይኖራል፣ ከቢርካ ውሃ ቀድታ የምትመለስ እናት ትኖራለች። በሌሊት ከመኪና ላይ ሆኖ በመብራት እያፈዘዙ መተኮስማ የትም አገር የአደን ወግ የማያውቀው ነውር ነው፤ በጨለማ የሚያበራ ዓይን የሚዳቋ ይሁን የሰው ፍየል ተኳሹ በምን ይለያል?

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለ። ግን የአደን ሥርዓታችን ዓይኑን የጣለው የደጋ አጋዘን ፍለጋ ወደ አርሲና ባሌ በሚመጣው የውጭ አዳኝ ላይ ነው። ለእሱ ኮታ ይወጣል፣ ክልል ይሰጠዋል፣ ባለሙያ አብሮት ይወጣል። በቀብሪ በያህ ዳር ክላሹን አንግቶ ለእራት የሚወጣውን ጎረምሳ ማን አስተማረው? የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እንኳ፣ በ1962 ተከልሎ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ክልሎችን የሚያካልል ሰፊ ቦታ ሆኖ፣ ጥበቃው ለዝሆኖቹም አልበቃም።

አሜሪካውያን አጋዘናቸውን በጠመንጃ ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ነጭ ጅራት የሚሉት አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። የአደን ወቅት ወሰኑ፣ ፈቃድ አወጡ፣ በ1937 ባወጡት ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረጉ። ፈቃድ ፈላጊው ወጣት ከዒላማው በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳያይ እንዳይተኩስ ይማራል፤ በጫካ እርስ በርስ እንዳይመታቱም ደማቅ ብርቱካናማ ይለብሳሉ። እኛ አሜሪካን መሆን የለብንም፤ ገንዘቡም የለንም። መቁጠር ግን ብዙ ብር አይጠይቅም።

የአርብቶ አደሩን ያህል ቆጣሪ ከየት ይመጣል? ማታ መንጋው ሲገባ አንዲት ፍየል ብትጎድል ያውቃል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከእነዚህ እረኞች ጋር በየጂላሉ፣ በድርቁ ወራት፣ ከጅግጅጋ እስከ ሐርቲሼክ፣ ከአውበሬ እስከ ባቢሌ ድረስ ባሉ የተመረጡ መስመሮች እየተጓዙ ያዩትን ቢመዘግቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ገረኑግ እየበዛ ይሁን እያነሰ እናውቃለን። ፈቃድ የሚሰጠውና መሣሪያ የሚመዘግበው አካል ደግሞ ለባለ ክላሹ የግማሽ ቀን ትምህርት ይስጥ፤ ሽማግሌዎችና ሼኾች ቢጨመሩበት ከቢሮ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማሉ።

የክልሉ የአርብቶ አደርና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎች፣ የመጀመሪያውን ቆጠራ ለመጪው ጂላል አድርሱት። አንተም ክላሽ ያነገትክ ወንድሜ፣ ቆጠራው እስኪመጣ ድረስ ወደ ቁጥቋጦ አትተኩስ።